ያለ ዋስ የተሰጠ ቃል

የውል ጽሑፍ በመጻፍ ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሬአለሁ። ቤት የሚሸጥ፥ ገንዘብ የሚያበድር፥ በሽርክና ወፍጮ የሚተክል፥ ሁሉም በፊቴ ተቀምጦ ሲፈርም አይቻለሁ። በዚህ ሥራ የኖረ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም፤ ይኸውም ተዋዋዮቹ ከሚለዋወጡት ቃል ይልቅ በቃሉ ዙሪያ የሚተከለው አጥር የበዛ መሆኑ ነው። እማኝ ይጠራል፤ ዋስ ይቀርባል፤ ውሉን ያፈረሰ ይህን ያህል መቀጮ ይከፍላል ተብሎ ይጻፋል። ከሁሉም በስተኋላ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቆሞአል፤ ይህ ሕግ በ1731ኛው አንቀጹ በሚገባ የተቋቋመ ውል ተዋዋዮቹን እንደ ሕግ ሆኖ የሚያስገድዳቸው መሆኑን ይደነግጋል። ይህን ሁሉ አጥር ዕለት ዕለት ያየ ሰው፥ አጥሩ ቢነሣ ቃሉ ብቻውን ሊቆም ይችል ይሆን? ብሎ መጠየቁ የማይቀር ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። መልሱን የሚያሳይ ስፍራ ያገኘሁት ግን ከቶ ባላሰብሁበት፥ ከጨዋታ ዘንድ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ የሚገኝ ሲሲፒ የተባለ ኩባንያ ኢቭ ኦንላይን የሚባለውን ጨዋታ ለሕዝብ ከፈተ። ጨዋታው በኢንተርኔት የሚካሄድ ሲሆን ስፍራው ጠፈር ነው፤ ተጫዋቹ በመርከብ እየተዘዋወረ ማዕድን ይቆፍራል፥ ይነግዳል፥ ይዋጋል። ከ5,000 የሚበልጡ የከዋክብት ግዛቶች አሉበት። ከቻይና በቀር በየአገሩ ያለው ተጫዋች ሁሉ የሚገናኘው በአንድ ዓለም ውስጥ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ያታለሉት ሰው ነገ በሌላ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ደግሞም በዚያ የጠፋ ነገር በእውነት ይጠፋል፤ መርከቡ የተቃጠለበት ሰው እንደ ገና ቆፍሮ፥ ነግዶ፥ አሠርቶ ካልተካው በቀር የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ሰው ለወራት የደከመበትን ነገር በአንድ ሌሊት ሲያጣ የሚሰማው ኀዘን የጨዋታ ኀዘን ብቻ አይደለም።

በመካከለኛው የጠፈር ክፍል ያሉት ግዛቶች ዘበኛ አላቸው፤ በዚያ ሰውን ያጠቃ ወዲያውኑ ይቀጣል። በዳርቻ ያሉት ግን ዘበኛም ዳኛም የሌለባቸው፥ ያቀና የሚይዛቸው አገሮች ናቸው። ተጫዋቾቹ በማኅበር ይደራጃሉ፤ ማኅበሮቹ ተሰብስበው ኅብረት ይሆናሉ፤ በአንድ ኅብረት ሥር በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚገኙበት ጊዜ አለ። እነዚህ ኅብረቶች እንደ መንግሥታት ሁሉ መልእክተኛ ይላላካሉ፤ ያለመነካካት ውል፥ የመረዳዳት ውል፥ የድንበር ውል ይዋዋላሉ። ውሉን ሊተው የፈለገ ወገን ከስንት ሰዓት በፊት ማስታወቅ እንዳለበት ሳይቀር የሚጽፉ አሉ። ከውል ጽሑፎቻቸው አንዳንዱን የእኅቴ ልጅ ወደ አማርኛ እየመለሰ አንብቦልኝ ነበር። የአንዳንዱ ንጽሕና፥ በእኛ ከተማ በብዙ ብር ከሚጻፈው ውል የሚያንስ አልነበረም።

እንግዲህ ልብ ልንለው የሚገባን ይህ ነው። ሁለት ኅብረቶች ሲዋዋሉ አንዱ የሌላውን ስም በሰማያዊ ምልክት ያኖረዋል፤ ከዚያ በኋላ የወዳጅ መርከብ ሲመጣ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ ሰማያዊው ምልክት መድፍን አያግድም። ወዳጅን ለመምታት የፈለገ ሰው ቁልፉን ሲጫን መድፉ እንደ ወትሮው ይተኩሳል። ኩባንያውም ገና ከመጀመሪያው በጨዋታው ውስጥ ማታለልን፥ ሰርጎ መግባትንና መክዳትን ስላልከለከለ፥ የተካደ ሰው አቤት ቢል የሚፈርድለት የለም። ዋስ የለም፤ መቀጮ የለም፤ አብዛኛው ተጫዋች የሌላውን እውነተኛ ስም እንኳ አያውቅም። እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ በቃሉ ዙሪያ ሲተከል ያየሁት አጥር ሁሉ በዚያ ተነቅሎአል። የቀረው ቃሉ ብቻ ነው።

ይህን የመሰለ ጨዋታ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። አለን ካላመር የተባለ አሜሪካዊ በ1954 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ዲፕሎማሲ የተባለውን የገበታ ጨዋታ ፈልስፎ በ1959 ዓ.ም. አሳትሞት ነበር። በዚያ ጨዋታ ሰባት ተጫዋቾች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩትን ሰባት የአውሮጳ ኀያላን መንግሥታት ይዘው፥ ዕጣ ሳይጥሉ በንግግር ብቻ ይዋዋላሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ሊያደርግ ያሰበውን በስውር ይጽፋል። የገቡትን ቃል መፈጸም ግዴታ አይደለም። ነገር ግን ያ ጨዋታ ማታ ተጀምሮ ቢቈይ በማግሥቱ ያልቃል፤ ተጫዋቾቹም ቡና ጠጥተው ስቀው ይለያያሉ። በኢቭ ግን መጨረሻ የሚባል ነገር የለም። ጨዋታው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የክህደቱም ወሬ አብሮት ይኖራል።

ክህደቱ ጥቂት አይደለም። በ2005 ዓ.ም. አንድ ቡድን ሰዎቹን በሌላ ማኅበር ውስጥ አስቀጥሮ፥ ብዙ ወራት በታማኝነት ሲያገለግሉ ቈይተው፥ የማኅበሩን ልብ ካገኙ በኋላ በአንድ ጊዜ ጎተራውን ባዶ አደረጉት፤ መሪዋንም መቱአት። የተዘረፈው ሀብት በእውነተኛ ገንዘብ ቢታሰብ 16,500 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሚሆን በጊዜው ተገምቶ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በየካቲት ወር ደግሞ ባንድ ኦፍ ብራዘርስ የተባለው፥ በዚያ ዘመን እጅግ የተፈራው ኅብረት፥ ከሹሞቹ አንዱ ወደ ጠላቱ ወደ ጉንስዋርም ስለ ከዳ በአንድ ቀን ፈረሰ። ጦር ያላፈረሰውን ኅብረት በውስጥ የነበረ ሰው በሥልጣኑ በተነው፤ ስሙን እንኳ ጠላቶቹ ቀድመው ስለ ያዙት በቀድሞ ስሙ ሊነሣ አልቻለም። ኩባንያው ነገሩን ሰምቶ ወደ ነበረበት አልመለሰውም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር የሆነው ነው። ሰርክል ኦፍ ቱ የተባለው ኅብረት ዋና መልእክተኛ፥ ውል የሚዋዋልለት ሰው፥ የኅብረቱን ታላቅ ምሽግና ሀብት ለጠላት አሳልፎ ሰጠ። ይህ ሰው ተጫዋቾች መርጠው ከኩባንያው ጋር የሚመክሩበት ጉባኤ አባል ነበር። የኅብረቱ መሪ በሰማ ጊዜ በቍጣ ነድዶ፥ በጨዋታው ሳይሆን በእውነተኛው አካሉ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስበት ዛተ። ኩባንያውም መሪውን ለዘለዓለም ከጨዋታው አስወጣው። ፍርዱን አስተውሉ። የከዳው አልተነካም፤ የተቀጣው የተከዳው ነው። በሕጉ በኩል ፍርዱ ትክክል መሆኑን አምናለሁ፤ ሰውን በአካሉ ማስፈራራት በየትኛውም ስፍራ የተከለከለ ነው። ይሁን እንጂ የዚያ ሰው ቍጣ አንድ እውነት ገልጦአል። መርከብ ቢጠፋ ኖሮ እንዲህ ባልሆነ ነበር። የተሰበረው በሰውና በሰው መካከል የነበረው መተማመን ነው፤ እርሱ ደግሞ በጨዋታው ማኅደር ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ አልነበረም።

«ጨዋታ ነው» የሚለው ማመካኛ የማይዋጥልኝ በዚህ ምክንያት ነው። በጨዋታ ውስጥ ማድፈጥ፥ ጠላትን በግራ እመጣለሁ አሰኝቶ በቀኝ መምጣት የጨዋታው ክፍል ነው፤ በገና የሚጫወት፥ ገበጣም የሚጫወት ያውቀዋል። ሁሉም ይህን አውቆ ስለ ገባ የሚታማ የለም። ውል ግን ሌላ ነው። ጨዋታው ስለ ውል የደነገገው ሕግ ከሌለ፥ ውሉ ከጨዋታው የመጣ አይደለም ማለት ነው፤ ተጫዋቾቹ ከቤታቸው ይዘውት የገቡት ነገር ነው። መርከቡ ሥዕል ነው፤ ማዕድኑም ሥዕል ነው፤ «አልነካህም» ብሎ የተናገረው አፍ ግን ሥዕል አይደለም። እንዲያውም በዚያ ዓለም ሁሉ ውስጥ እውነተኛ የሆነው እርሱ ብቻ ይመስለኛል።

ቃሉን ጠብቆ የሚኖረውም ብዙ ነው፤ እንዲያውም ይበዛል። ከሃዲ ወሬው ይሰማል እንጂ፥ ውሉን አክብሮ ያደረ ሰው ምን ወሬ አለው? በ2014 ዓ.ም. በጥር ወር ቢ አር ፋይቭ አር ቢ በተባለ ግዛት፥ የይዞታ ክፍያ በወቅቱ ሳይከፈል በመቅረቱ ጦርነት ተነሥቶ 21 ሰዓት ያህል ቈየ። ከ7,500 የሚበልጡ ተጫዋቾች ተካፈሉበት፤ ታይታን ከተባሉት ግዙፍ መርከቦች 75 ወደሙ፤ የጠፋው ሁሉ በገንዘብ ቢታሰብ ከ300,000 ዶላር በላይ ይሆናል ተብሎአል። እኔን የገረመኝ የጥፋቱ ብዛት አይደለም። ከመጡት ብዙዎቹ ለራሳቸው ግዛት የመጡ አልነበሩም፤ «ወዳጆቻችን ጠርተውናል» ብለው፥ ብዙ የደከሙባቸውን መርከቦች ወደ እሳት አስገቡ። ባይመጡ ኖሮ የሚከሳቸው አልነበረም።

ሌላም አለ። ሾን ስሚዝ የተባለ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሠራተኛ፥ በሥራው ላይ ሳለ በሊቢያ በቤንጋዚ ከተማ በመስከረም 11 ቀን 2012 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) በተጣለው አደጋ ከአምባሳደሩ ጋር ሞተ። ይህ ሰው በኢቭ ውስጥ የጉንስዋርም መልእክተኛ ሆኖ ከወዳጅም ከጠላትም ጋር ሲነጋገር የኖረ ነበር። መሞቱ በተሰማ ጊዜ፥ ከእርሱ ኅብረት ጋር ሲዋጉ የነበሩት ሳይቀሩ በየግዛታቸው ያሉትን ጣቢያዎች በእርሱ መታሰቢያነት ሰየሙ። ጠላት ለጠላት መልእክተኛ ሲያለቅስ ማየት፥ በመካከላቸው ከመድፍ በቀር ሌላ ነገር እንደ ነበረ ያስረዳል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በ2016 ዓ.ም. ክረምቱን በጀርመን አገር በእኅቴ ቤት በከረምሁ ጊዜ ነው። ልጅዋ ሃያ ስድስት ዓመት የሆነው፥ ሥራውን የሚያከብር ወጣት ነው፤ ማታ ማታ ግን ከዚህ ጨዋታ አይለይም። ጊዜ ይበላል የሚለውን የእናቱን ወቀሳ እኔም እቀበላለሁ፤ ዛሬ ነገሬ እርሱ ስላልሆነ እተወዋለሁ። በአንድ መካከለኛ ኅብረት ውስጥ የመልእክተኛነት ሹመት ነበረው። ከጎረቤት ኅብረት ጋር ያለመነካካት ውል የተዋዋለው እርሱ ነው፤ በውሉም ላይ፥ መተው የፈለገ ወገን ከ72 ሰዓት በፊት ያስታውቅ የሚል ቃል ነበረበት። ከወዲያ በኩል የተዋዋለው በድምፁ ብቻ የሚያውቀው ሰው ነው።

በነሐሴ ወር የጎረቤቶቹ መርከቦች ሩቅ ያለ ወዳጃቸውን ሊረዱ ሄዱ። ወዲያው አንድ ታላቅ ኅብረት ወደ እኅቴ ልጅ አለቆች ልኮ፥ አገሩ ባዶ ነውና ምቱ፥ ግዛቱን እንካፈላለን አላቸው። አለቆቹ በቅዳሜ ሌሊት ተሰብስበው ተስማሙ። ውሉስ? ሲባሉ፥ ማስታወቂያውን ከመጀመሪያው ተኩስ ጋር አብረን እንልካለን፤ «እንዳስታወቅን ይቈጠራል» አሉ። ይህን ስሰማ ሣቄ መጣ፤ እንዲህ ያለውን ብልጠት ስንት ጊዜ በወረቀት ላይ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ልጁ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ ውል ሲጽፉ የኖሩ ነዎት፤ እንዴት ያዩታል?» አለኝ።

«ውሉን ስትዋዋል 72 ሰዓት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ሁለታችሁም ታውቁ ነበር?» አልሁት።

«እናውቅ ነበር።»

«እንግዲያስ ምን ትጠይቀኛለህ?»

«እነርሱ እኮ በእኛ ቦታ ቢሆኑ አይጠብቁልንም ይሆናል። ደግሞም ያኔ ስንዋዋል ጦራቸውን ከሚገባው በላይ አብዝተው ነግረውን ነበር። እውነቱን ብናውቅ ባልተዋዋልን።»

እኅቴ ይህን ጊዜ በወጥ ቤት ሆና ትሰማን ኖሮአል። እጅዋን እየጠረገች መጣችና፥ «የገባዖን ሰዎችስ አሮጌ ጫማና የሻገተ እንጀራ ይዘው ከሩቅ አገር መጣን ብለው ኢያሱን አታለው አልነበረም እንዴ? ማታለላቸው በሦስተኛው ቀን ተገለጠ። እስራኤል ግን ስለ ማሉ አልገደሉአቸውም። በኋላ ሳኦል መሐላውን ቢያፈርስ፥ በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረኃብ ሆነ። አንተ ያነበብኸውን ረሳኸው?» አለችው።

«እማዬ፥ እኛ እኮ አልማልንም።»

«ማተብ አስረህ አዎን ካልህ ሌላ ምን መሐላ ትፈልጋለህ?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እኔ ከዚህ በላይ አልጨመርሁም። ነገሩ ቀላል እንዳልነበረ ግን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እወዳለሁ። ልጁ ለጎረቤቱ ቃል ሰጥቶአል፤ ለኅብረቱ ደግሞ ታማኝነት አለበት። ለጎረቤቱ ሹክ ቢል የወገኖቹ ከሃዲ ይሆናል፤ ዝም ብሎ ቢዘምት የጎረቤቱ ከሃዲ ይሆናል። ከሹመቱ ወርዶ ገለል ማለትም ነበረ፤ ይህ ግን እኔ እንደማየው እጅን መታጠብ እንጂ ቃልን መጠበቅ አይደለም። የሰጠው ቃል የሹመቱ ሳይሆን የእርሱ ነውና። እርሱም በዚያው ሌሊት በአለቆቹ ጉባኤ ፊት ተናገረ። በስውር የማደርገው ነገር የለም፤ ወይ ውሉ እንደሚለው 72 ሰዓት አስቀድመን እናስታውቅ፥ አለዚያ ግን ከዚህ ወጥቼ ከዛሬ ጀምሮ ቃሌ እንደማይጠብቀው ለዚያ ሰው እነግረዋለሁ፤ ይህንንም አስቀድሜ ለእናንተ ነገርሁ አላቸው። እስከ ንጋት ተከራከሩ። በመጨረሻ አለቆቹ እያጕረመረሙ ማስታወቂያው በወጉ እንዲላክ ፈቀዱ።

ማስታወቂያው ሄደ። ከወዲያ የመጣው መልስ አጭር ነበረ፤ ሰውየው ስለ 72ቱ ሰዓት ካመሰገነ በኋላ በሦስተኛው ቀን እንገናኝ ብሎአል። እውነትም ተገናኙ። የጎረቤቶቹ መርከቦች ከሄዱበት ተመልሰው፥ ተዘጋጅተው ቈዩአቸው፤ ግዛት ሊወስድ የሄደው የልጁ ኅብረት ከራሱ ሦስት ግዛቶችን አጥቶ ተመለሰ። ያ ታላቅ ኅብረት ደግሞ፥ ነገሩ እንዳልቀለለ ባየ ጊዜ፥ አልመጣም። በዚህ አልደነቀኝም፤ ሌላውን ውል አፍርስ ብሎ የሚመክር ወዳጅ የራሱን ይጠብቃል ብሎ ማን ይጠብቃል?

ልጁ ከመልእክተኛነቱ ተሻረ። ከጓደኞቹም ብዙዎቹ፥ «የአንተ ክብር የእኛን መርከብ በላ» አሉት። ይህን ቃል ቀለል አድርጌ ልጽፈው አልችልም፤ ምክንያቱም ሐሰት አይደለም። ከመካከላቸው አንዱ፥ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ጓደኛው፥ አሥራ አራት ወር ቆፍሮና ነግዶ ያሠራት ትልቅ መርከብ በዚያ ቀን ተቃጥላበታለች። ይህ ጓደኛ ውሉን አልተዋዋለም፤ በጉባኤውም አልነበረም፤ ጥሪ ሲሰማ ወገኖቼን ልርዳ ብሎ የመጣ ታማኝ ሰው ነው። የአንዱ ታማኝነት የሌላውን ታማኝ ዋጋ አስከፈለው። እኔ ከእኅቴ ልጅ ወገን ነኝ፤ ዛሬም እንዲሁ ነኝ። ነገር ግን ያ ሰው ከፊቴ ቢቀመጥ፥ መርከብህ ሥዕል ነበረች ብዬ ላጽናናው አልደፍርም።

ልጁ ነገሩን በዚህ አልተወውም። ለጓደኛው ረጅም ደብዳቤ ጻፈለት፤ ውሉ ምን ይል እንደ ነበረ፥ ለምን እንደ ተከራከረ ገለጠለት፤ መርከቢቱንም እንደ ገና ለማሠራት ከራሱ ክምችት ግማሹን እንደሚሰጠው፥ የቀረውንም አብሮት እንደሚቆፍር ጨመረበት። ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት አሳይቶኝ ነበር። እኔ ወደ አገሬ እስከ ተመለስሁበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣም። ከጥቂት ቀን በፊት በስልክ ስንነጋገር ጓደኛህ ጻፈልህ ወይ? ብዬ ብጠይቀው፥ «ገና ነው፥ ጋሼ» አለኝ።